ሳይደርስ ይመስገን

ቀጠሮ ማክበር ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ሰዓት ያሰረ ሁሉ ያከብራል። ቀጠሮን ሠላሳ ዓመት እየገፉ፣ በየመሃሉ እንደ ደረሰ ሰው መመስገን ግን ተሰጥዎ ይጠይቃል። በዚህ በኩል የህንድን ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ሠሪዎች የሚያህል ጥቂት ነው። እኔን የሚያስቀናኝ መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዷን ሙከራ እንደ ርክክብ ቆጥሮ የማጨብጨቡ ልማድ ነው። እስካሁን በወጉ ያወደሰው ስላላየሁ እኔ ልጀምር።

ነገሩ የተጠነሰሰው በ1983 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ሞከርኩት፤ የዘገየው ዓመት ብዛት ንቅንቅ አላለም።) በዚያ ዓመት ህንድ አምስት ሚሳይሎችን ባንድ ጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም ዘረጋች። መሪው ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዱል ካላም ነበሩ። ከአምስቱ ሁለቱ ከምድር ወደ አየር የሚተኮሱ ናቸው፦ የአጭር ርቀቱ ትሪሹልና የመካከለኛው ርቀት አካሽ። አካሽ በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰ፤ ተጨበጨበ። አየር ኃይሉ በጓሊዮር የጦር ሰፈር በይፋ የተረከበው ጁላይ 10 ቀን 2015 ነው፤ ያኔም ተጨበጨበ። ካላም ፕሮግራሙን ሲጀምሩ የ51 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ርክክቡን በ83 ዓመታቸው ሰምተው በዚያው ወር አረፉ። በ28 ዓመቱ ፕሮጀክቱ ላይ የተቀጠረ መሐንዲስ ካለ፣ የርክክቡ ግብዣና የጡረታው ሽኝት ባንድ ድንኳን ሊያልቁለት ይችሉ ነበር። ቁጠባ ማለት ይኼ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ትሪሹልን ነው። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲመታ፣ ለምድር ጦሩም ለባሕር ኃይሉም ለአየር ኃይሉም እንዲሆን ታስቦ ነበር። ወደ 2.8 ቢሊዮን ሩፒ ጠጥቶ በ2008 ፋይሉ ተዘጋ። ሲዘጋ ታዲያ «አልተሳካም» የሚል ክፉ ቃል አልወጣም፤ «የቴክኖሎጂ ማሳያ» ሆኖ በክብር ተሸኘ። የባሕር ኃይሉ መርከቦቹን ባዶ እጃቸውን ሊያቆም ስላልቻለ አስቀድሞ ከእስራኤል ባራክ የተባለውን ሚሳይል ገዝቶ ነበር፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው የትም አይጠፋም። ትሪሹል ግን ይኸው ስሙን እንደጠበቀ አለ። በጦርነት ላይ አንድም ቀን ዒላማ ስቶ አያውቅም። መለዋወጫ አልጠየቀም። ዝገት አልነካውም። ጠላትም ከማረከው መሣሪያ ምስጢሩን ፈታትቶ አላየም። እንዲህ ያለ ንጹሕ የአገልግሎት መዝገብ ያለው ፀረ አውሮፕላን ካለ ወዲህ በሉ።

ወደ ማሻሻያው እንምጣ፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያው አካሽ 720 ኪሎ ይመዝናል፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ የራሱ ዓይን የለውም፤ ራጄንድራ የሚባል ራዳር ከመሬት ሆኖ እጁን ይዞ እስከ ዒላማው ያደርሰዋል። በሴፕቴምበር 2016 በ4.7 ቢሊዮን ሩፒ የተፈቀደው አዲሱ ትውልድ፣ አካሽ-ኤንጂ፣ ይህንኑ «ማሻሻል» ነው። ሲሻሻል አየር እየሳበ የሚነድደው የራምጄት ሞተሩ ወጥቶ ሁለት ጊዜ የሚቀጣጠል የጠጣር ነዳጅ ሞተር ገባ። አፍንጫው ላይ ዒላማውን ራሱ የሚፈልግበት ራዳር ተተከለለት። ክብደቱ በግማሽ ገደማ ወረደ፤ ርቀቱ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ተመነደገ። የምድሩ ራዳርም ተቀየረ፤ ሚሳይሉም እንደታሸገ ተጓጉዞ ከነማሸጊያው የሚተኮስ ሆነ። ከድሮው ምን ቀረ? ስሙ። ይህን ሁሉ ማሻሻያ ብሎ መጥራት ትልቅ ትሕትና ነው፤ ጥቅሙም ብዙ ነው። ማሻሻያ የተባለ ሥራ የማሻሻያ ቀን ይሰጠዋል፤ የሚበላው ግን የአዲስ ሚሳይል ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት መዘግየት ይባላል። ማለትም መዘግየቱ ኋላ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቀኑ በተቆረጠበት ስብሰባ ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ደግሞ ጭብጨባው። በምሥራቅ ህንድ በኦዲሻ ጠረፍ፣ ቻንዲፑር ላይ፣ የሙከራ ቀን ሲደርስ ከማስወንጨፊያው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ መንደርተኞች ለጊዜው ከቤታቸው እንዲነሱ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ሽማግሌውም፣ ሕፃናቱም፣ ከብቱም ይነቃነቃል፤ መጠለያ ይገባሉ፣ ካሣ ይከፈላቸዋል፣ ሚሳይሉ ይተኮሳል፣ ይመለሳሉ። ስንት የአገር ውስጥ ሚሳይል ጠላትን ከስፍራው እንዳስነሳ አላጣራሁም፤ የቻንዲፑርን ሰው ግን በተደጋጋሚ አስነስተዋል። በነገራችን ላይ እዚያ ያለው ባሕር ውኃው ሲጎድል እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ድረስ ወደ ኋላ ሸሽቶ በሰዓቱ ይመለሳል። ሰዓት አክባሪነቱ ለአካባቢው ባህል የማይመጥን ነውና ቢመከር ጥሩ ነው።

አካሽ-ኤንጂ በዚሁ ጠረፍ ጃንዋሪ 25 ቀን 2021 መጀመሪያ ተተኮሰ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ጁላይ 21 ቀን ዒላማ ፈላጊው ሳይገጠምለት ተተኮሰ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ተገጥሞለት ተተኮሰ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2024 በጣም ዝቅ ብሎ በፍጥነት የሚበር ሰው አልባ ዒላማ ላይ ተተኮሰ፤ እንደገና እንኳን ደስ አላችሁ። ደረጃ በደረጃ መሞከር የሙያው ደንብ ነው፤ ዓይኑ ሳይገጠም አካሉን መፈተሽ ምንም አያሳፍርም። የኔ አድናቆት ለመግለጫው ነው፦ የመከላከያ ሚኒስትሩ ያመሰግናሉ፣ የሠሪው ድርጅት ሊቀመንበር ያመሰግናሉ፣ ሠራዊቱ ይመሰገናል፣ ኢንዱስትሪው ይመሰገናል። ምስጋናው ወደ አራቱም ማዕዘን ተረጭቶ ሲያልቅ፣ «መቼ ነው የምንረከበው?» የሚል ሰው ድግስ እንደሚበጠብጥ ባለጌ ይታያል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ድሮ ነቀፋ ነበር፤ ዛሬ ላሚቱ እየታለበች ነው ተብሎ በቀጥታ ሥርጭት ይታያል።

ድግስ በጥባጭ ግን አይጠፋም፤ ስሙም የህንድ ዋና ኦዲተር ነው። በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር 2014 ከተተኮሱት 20 የአካሽ ሚሳይሎች 6ቱ እንዳልተሳኩ ቆጠረ፤ 30 በመቶ መሆኑ ነው። ሊተከሉባቸው በታሰቡት ስድስት ቦታዎችም አንዱም ላይ እንዳልተተከሉ ጻፈ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ የመከላከያ ምርምርና ልማት ድርጅቱን 178 ፕሮጀክቶች ዘርግፎ 119ኙ የመጀመሪያ ቀናቸውን እንዳላከበሩ፣ 49ኙ የወሰዱት ተጨማሪ ጊዜ ከመጀመሪያው የጊዜ ሰሌዳ ሙሉውን እንደሚበልጥ አሳየ። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ቅኔ አይገባውም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ቀናቸውን ያከበሩት የቀሩት ፕሮጀክቶች ምን ነካቸው? ማን ነው ያስቸኮላቸው?

ስለ ምክንያቶቹ አጭር ልበል፤ ሁሉም ስለሚያውቃቸው። ከ1998ቱ የህንድ የኑክሌር ሙከራ በኋላ የመጣው ማዕቀብ እውነተኛ እንቅፋት ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው የለመድነው የኳስ ቅብብል ነው፦ ሠሪው «ተጠቃሚው መስፈርቱን ቀየረብኝ» ይላል፣ ተጠቃሚው «አንተ ስትዘገይ አውሮፕላኑ ተቀየረ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ለዚህም ነው ማንም የማይጠየቀው። በመሃል መጋዘኑ ባዶ እንዳይሆን ከውጭ ይገዛል። በ2018 ከሩሲያ ኤስ-400 የተባለ የረጅም ርቀት ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ተገዛ፤ እሱም የዩክሬን ጦርነት ገጥሞት ከቀጠሮው ዘገየ። አስመጪውም ከአገሬው ሠሪ ጠባይ ተምሯል ማለት ነው፤ የባህል ልውውጥ።

ለዚህ ውዳሴ ከባዱ ነገር አንድ ነው። በሜይ 2025 ከፓኪስታን ጋር በተደረገው ግጭት አካሽ ጥሩ ሠራ ሲሉ የህንድ ባለሥልጣናት አሞገሱት፤ አርሜኒያም ከዚያ በፊት ገዝታዋለች። የደረሰው ደርሶ ሠራ መባሉ ቅር ያሰኘኛል። ሚሳይል ከተረከቡት በኋላ እኮ መሥራት ይጠበቅበታል፣ ይቆጠራል፣ ይመረመራል። ያልደረሰው ብቻ ነው ሁልጊዜ እንከን የሌለው።

ደግነቱ ሰልፉ ባዶ አልሆነም። ኩሻ የተባለው የረጅም ርቀት ፕሮጀክት ከ2028 እስከ 2029 ባለው ጊዜ እንዲሰማራ ታስቧል። የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤዬን ከወዲሁ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ቀን የሚለውን መስመር ብቻ ክፍት ትቻለሁ፤ እርሳሱም ላጲሱም አብሮ ታሽጓል።