አይጥ በበላ ዳዋ፣ ሰው ባጨሰ እሳተ ገሞራ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው የአየር ንብረት ለውጥ በዓለም ላይ ከተፈጸሙ ማጭበርበሮች ሁሉ ትልቁ ነው አሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ይህን ማለት ከጀመሩ ስለቆዩ ንግግሩ ማንንም አላስደነገጠም። የሚያንገበግበው ተከትሎ የሚመጣው አጃቢ ነው። ከላይ አንድ ቃል ጣል በተደረገ ቁጥር ያረጁ የመከራከሪያ ነጥቦች ከጓዳ ይጎተታሉ፤ አቧራቸው ይራገፍና እንደ አዲስ ግኝት ይቀርባሉ። ከሁሉም ቀድሞ የሚወጣው፣ ከሁሉም ደካማው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ «አንድ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሚለቀው ካርቦን የሰው ልጅ በታሪኩ ከለቀቀው ሁሉ ይበልጣል።»

እስቲ እናስላው፤ ከማካፈል ያለፈ ችሎታ አይጠይቅም። የሰው ልጅ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በማቃጠል፣ ሲሚንቶም በማምረት በዓመት ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በቀን 100 ሚሊዮን ቶን ገደማ መሆኑ ነው። በ1991 የፈነዳው የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ካለፈው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ፍንዳታዎች አንዱ ሲሆን የለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ50 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ያ ሁሉ ጉድ የተባለለት ተራራ የሠራውን እኛ በማለዳ ጀምረን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርሰዋለን፤ በማግስቱም እንደግመዋለን። በየብስም ሆነ በባሕር ወለል ያሉ እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ተደምረው በዓመት የሚለቁት የሰውን ድርሻ አንድ በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ይባስ ብሎ ፒናቱቦ ምድርን አቀዘቀዘ እንጂ አላሞቀም። ወደ ሰማይ የረጨው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጥቃቅን ብናኝ ሆኖ የፀሐይን ብርሃን ስለመለሰ የዓለም አማካይ ሙቀት ለጊዜው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ወረደ። የጠሩት ምስክር በራሳቸው ላይ መሰከረባቸው። ሰው ባጨሰው እሳተ ገሞራን መክሰስ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ሲከሽፍ ሁለተኛው ይመዘዛል፦ «ካርቦኑን የሚለኩት እኮ እሳተ ገሞራ ላይ ተቀምጠው ነው!» አዎ፤ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ በ1958 መለካት የጀመረበት የሃዋዩ ማውና ሎዋ እሳተ ገሞራ ነው። ጣቢያው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሠራው ከከተማና ከደን ርቆ በሰፊው ውቅያኖስ ላይ በደንብ የተደባለቀ አየር ለማግኘት ነው። የቦታው ጣጣ እዚያ ለሚሠሩት የተሰወረ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሽቅብ ሲነፍስ ከታች ያሉት ዕፅዋት ካርቦኑን የመጠጡት አየር ይመጣና ንባቡ ዝቅ ይላል። ሌሊት ቁልቁል ሲነፍስ ደግሞ ከተራራው ስንጥቆች የወጣ ጋዝ አልፎ አልፎ ይገባና ንባቡ ይዘላል። ግን የተራራው ጋዝ ራሱን ያጋልጣል፤ ገና ስላልተደባለቀ ቁጥሩን ከደቂቃ ደቂቃ ያዋዥቀዋል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሉት የደቂቃ ንባቦች መዋዠቅ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 0.3 ካለፈ ያ ሰዓት ምልክት ተደርጎበት ከስሌቱ ይወጣል። መሣሪያውም ይዘታቸው ቀድሞ በታወቀ የጋዝ ሲሊንደሮች በየጊዜው ይፈተሻል።

በኖቬምበር 2022 ተራራው ከ1984 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ፤ ቅልጥ ዓለቱ የጣቢያውን መንገድና የመብራት መስመር ቆረጠው። ባለሙያዎቹ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ማውና ኬያ ተራራ ላይ መሣሪያ ተከሉና መለካት ቀጠሉ። ግራፉ ካቆመበት ቀጠለ። ደቡብ ዋልታ ላይ፣ በበረዶ መሐል ያለው ጣቢያም ያንኑ ጭማሪ ይመዘግባል። ኪሊንግ ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የደረቅ አየር ሞለኪውሎች 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ በሜይ 2025 የማውና ሎዋ ወርኃዊ አማካይ 430ን ተሻገረ። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታስረው የቀሩት የአየር አረፋዎች እንደሚናገሩት ደግሞ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ቁጥሩ 280 ገደማ ነበር፤ ባለፉት 800 ሺህ ዓመታትም ከ300 ብዙም አላለፈም።

እዚህ ሲደርሱ ብልጦቹ ይነጠላሉ። «መጨመሩንስ ጨምሯል፤ የሰው መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነበር፣ ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ ወደ ኮምፒውተር ሞዴሎች ስህተት ባይሸሽ። ለዚህ ጥያቄ ሞዴል አያስፈልግም። ካርቦን የትውልድ ወረቀቱን ይዞ ነው የሚዞረው።

ካርቦን ሦስት ዓይነት ክብደት አለው። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚሆነው ካርቦን 12 ነው፤ አንድ በመቶ የሚያህለው አንድ ኒውትሮን የጨመረው ካርቦን 13፤ ከትሪሊዮን አንድ ገደማ የሚሆነው ደግሞ ራዲዮአክቲቭ የሆነው ካርቦን 14። ዕፅዋት ምግባቸውን ሲሠሩ ቀላሉን ያስቀድማሉ፤ ቀላሉ ሞለኪውል ወደ ቅጠሉ ፈጥኖ ይገባል፣ ኬሚካዊ ሂደቱንም በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የዕፅዋት ሰውነት በካርቦን 13 የደኸየ ነው። የድንጋይ ከሰል የጥንት ዕፅዋት ነው፤ ነዳጅ ዘይትም መነሻው በባሕር ውስጥ የኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት፣ በተለይም እንደ ዕፅዋት በብርሃን የሚመገቡት ናቸው። ሲቃጠሉ ያንን የደኸየ ካርቦን አየሩ ላይ ይደፉታል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የካርቦን 13 ድርሻም ይቀንሳል። የሚለካው ከአንድ ዓለም አቀፍ ማጣቀሻ ጋር በማነጻጸር ከሺህ እጅ ነው፦ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት አየሩ ከማጣቀሻው በ6.4 ከሺህ ገደማ ያንስ ነበር፤ ዛሬ በ8.5 ከሺህ ገደማ ያንሳል። የእሳተ ገሞራ ካርቦን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሊያወርደው አይችልም፤ የእሱ የካርቦን 13 ድርሻ ከድሮው አየር ብዙም አይርቅም። በውቅያኖስ የሟሟው ካርቦን ደግሞ በካርቦን 13 ከአየሩ ይልቅ የበለጸገ ነው።

«ደን ሲቃጠልስ? እሱም ዕፅዋት ነው» የሚል ካለ፣ ለዚህ ካርቦን 14 አለ። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ ሊቆጠር የሚችል አይተርፈውም ማለት ይቻላል። ትናንት የተቆረጠ እንጨት ካርቦን 14 አለው፤ ሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ከሰል ፈጽሞ የለውም። ኬሚስቱ ሃንስ ዙውስ በ1955 የዛፍ ቀለበቶችን መርምሮ አየሩ በካርቦን 14 እየደኸየ መምጣቱን አሳየ፤ ኪሊንግ ማውና ሎዋ ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት ማለት ነው። ከዚያ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች መጡና በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የካርቦን 14ን መጠን ወደ እጥፍ አደረሱት፤ የ1963ቱ ስምምነት ሙከራዎቹን ከአየር ላይ ካስወጣ ወዲህ ግን እየወረደ ነው። የቦምቡን ካርቦን ውቅያኖስና ዕፅዋት ወሰዱት፤ ዛሬም ማሽቆልቆሉን የሚያስቀጥለው ከከርሠ ምድር የሚወጣው የሞተ ካርቦን ነው። የቅርስን ዕድሜ በካርቦን 14 የሚያሰሉ ባለሙያዎች ጉዳዩ የሚያሳስባቸው ለዚህ ነው፤ አየሩ በዚህ ከቀጠለ አዲስ የተሸመነ ጨርቅ በመሣሪያቸው ፊት ያረጀ ይመስላል። ይህንንም ማጭበርበር እንበለው?

የመለካቱ ሥራ ቀልድ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል፦ ናሙና የሚወስደው ሰው በባዶ ጠርሙስ አየሩን ሲቀበል ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከሳንባ የሚወጣ አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጪው አየር መቶ እጥፍ ያህል የበለጸገ ስለሆነ አንድ ትንፋሽ ጠርሙሱን ያበላሸዋል። በቤተ ሙከራ አየሩ መጀመሪያ እርጥበቱ ይወጣለታል፤ የቀረ ውሃ ኦክስጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር እየተለዋወጠ ውጤቱን ያዛባል። ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ እንዲረጋ ተደርጎ ይለያል፤ ቀጥሎም ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ገብቶ በማግኔት ኃይል እንደ ክብደቱ ይበተናል። ካርቦን 12 የያዘው 44፣ ካርቦን 13 የያዘው 45 ስለሚመዝን ለየብቻ ይቆጠራሉ። ወጥመድ አለው፦ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ሌላ የአየር ጋዝም ልክ 44 ይመዝናል፣ አብሮትም ይረጋል፤ ድርሻው ተሰልቶ ካልተቀነሰ ቁጥሩ ይሳሳታል። ከባዱ ኦክስጅን 17 ደግሞ ካርቦን 13 መስሎ 45ቱ ውስጥ ይገባል፤ እሱም ይቀነሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው በአንድ ንግግር አጭበርባሪ የተባሉት።

ሌላም ምስክር አለ፤ ኦክስጅን። እሳት ኦክስጅን ይበላል። የኪሊንግ ልጅ ራልፍ ኪሊንግ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የከባቢ አየርን ኦክስጅን እየለካ ነው፤ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውሎች በአራት ገደማ ይቀንሳል። (ትንፋሽ ሊያልቅብን ነው ብሎ የሚሰጋ ይረጋጋ፤ ከሚሊዮን 209 ሺህ አለን።) እሳተ ገሞራ ሲተነፍስ ኦክስጅን እንዲህ አይጎድልም። ውቅያኖስ ካርቦኑን ቢተፋም አይጎድልም፤ እንዲያውም ውቅያኖሱ እየተፋ ሳይሆን እየዋጠ ስለሆነ ነው አሲድነቱ የሚጨምረው። የጎደለው ኦክስጅን ከተቃጠለው ነዳጅ ሒሳብ ጋር ይገጥማል። አብዛኛው ነዳጅ በሚቃጠልበት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደቡቡ ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘቱም የዚያው ሒሳብ አካል ነው።

«የሰው ድርሻ አራት በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው የተፈጥሮ ነው» የምትለዋ ደግሞ የወጪውን ገጽ ቀዶ የገቢውን ብቻ የሚያሳይ ሒሳብ ሠራተኛ ጨዋታ ናት። ተፈጥሮ ብዙ ትለቃለች፤ መልሳም ትወስዳለች፣ ከለቀቀችው በላይ። እኛ ከነደን ጭፍጨፋው በዓመት 40 ቢሊዮን ቶን ያህል እንጨምራለን፤ አየሩ ላይ የሚቀረው ግማሹ ገደማ ነው። በጋራ ካዝና ውስጥ አንዱ ሸሪክ በየዓመቱ 40 እያስገባ ካዝናው በ20 ብቻ ካደገ፣ ሌሎቹ ሸሪኮች እያወጡ እንጂ እያስገቡ አይደሉም። ይህን ለመረዳት የአየር ንብረት ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

እንግዲህ «የኛ አይደለም» የሚል ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛ፣ እኛ የለቀቅነው ካርቦን የት እንደገባ ያሳየን። ሁለተኛ፣ በምትኩ የመጣውን ያምጣ፦ በካርቦን 13 የደኸየ፣ ካርቦን 14 የሌለው፣ ኦክስጅን የሚበላ፣ ከሰሜን በኩል የሚበዛ፣ ልክ ኢንዱስትሪ ሲጀመር የጀመረ። ይህን ሁሉ አሟልቶ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይት ወይም የተፈጥሮ ጋዝ ያልሆነ ነገር ካገኘ፣ ከጭቅጭቅ ይልቅ የኖቤል ሽልማት ይሻለዋል።

ካርቦኑ ማሞቁንስ? የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል ጋዙ ሙቀትን እንደሚውጥ በ1859 በቤተ ሙከራ ለክቶታል፤ ያኔ የሚጠረጠር የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ፀሐይ ናት የሚሉ ከ1978 ጀምሮ ሳተላይቶች የለኩትን ይመልከቱ፤ በ11 ዓመት ዑደቷ የምትዋዥቀው በሺህ አንድ ገደማ ነው፣ ከሙቀቱ ጋር አብራ ስትወጣም አልታየችም። ጥፋተኛዋ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛው አየር፣ ስትራቶስፌሩ፣ አብሮ በሞቀ ነበር፤ እሱ ግን ቀዝቅዟል። የምሰጣቸው አንድ ነገር ደመና ነው። ደመና ሙቀቱን ምን ያህል ያባብሰዋል የሚለው ገና ጠርቶ አላለቀም፤ ካርቦኑ እጥፍ ሲሆን የሚመጣው ሙቀት ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ እንደሚሆን የሚገመተውም በዋናነት ለዚህ ነው። ይህ ግን ስለ መጠኑ የሚነሳ ክርክር ነው፤ ወንጀለኛው ማን እንደሆነ አይለውጥም።

ከሁሉ የሚገርመው የራሳቸው ቤት ነው። ከዚያ ንግግር ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 2025፣ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በተጠራጣሪነታቸው የታወቁ አምስት ምሁራን ያዘጋጁትን ሪፖርት አወጣ። ነፃ ሜዳ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሊያጣጥሉ የፈለጉትን አጣጥለዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአየር ንብረትን የሚያሞቅ የግሪንሀውስ ጋዝ መሆኑን ግን እነሱም ጽፈዋል። ሚኒስትሩ ክሪስ ራይት በመቅድሙ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ እውነት ነው፣ ትኩረትም ይገባዋል ብለዋል። ታዲያ ከሁለቱ ማጭበርበሩ የትኛው ነው፤ የሚኒስትሩ መቅድም ወይስ የፕሬዚዳንቱ ንግግር?