30 በመቶ ዝናብ

ሐኪም ቢሳሳት «ምን ታደርገዋለህ፣ ሰው ነው» ብለን እናልፋለን። መካኒክ መኪናችንን ከነበረችበት አብሶ ቢመልሳት እንኳ በሳምንቱ እሱው ጋ ይዘናት እንሄዳለን። «ነገ ዝናብ ሊጥል ይችላል» ብሎ ያልጣለለት የአየር ትንበያ ባለሙያ ግን አለቀለት። «ተዋቸው ባክህ፣ እነሱ ይዘንባል ካሉ ልብስህን አጥበህ አስጣ!» እየተባለ ዕድሜ ልኩን ይነሣበታል።

ይህን የሚለው ሰው ራሱ ማን መሰላችሁ? በስልክ «አምስት ደቂቃ፣ ደረስኩ፣ እዚህ ጋ ነኝ» የሚለው ወዳጃችን ነው። ይህን ሲል አንድ እግር ካልሲውን አልጋ ሥር እየፈለገ ነው። ይኸም እኮ ትንበያ ነው! በቀን አራት አምስቴ ይሰጣል፣ አንዴም ይዞለት አያውቅም። ማንም ግን ሙድ አይዝበትም። ደግመን እንቀጥረዋለን፣ ደግመን ቆመን እንጠብቀዋለን።

የሰማዩን ሰውዬ የምንከስሰው ደግሞ ባላለው ነገር ነው። «ይዘንባል» አላለም። «አይዘንብም»ም አላለም። «የዝናብ ዕድል 30 በመቶ» ነው ያለው።

ይቺ 30 በመቶ ስንት ቤት በጥብጣለች! ባልና ሚስት ሊወጡ በር ላይ ቆመዋል። ጃንጥላው ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል።

«ዝናብ አለ ይላል?»

«30 በመቶ ይላል።»

«እሺ፣ ይዘንባል አይዘንብም?»

«30 በመቶ ነው የሚለው አልኩሽ እኮ።»

«ሂሳብ ጠየቅኩህ? ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ?»

«እንደፈለግሽ።»

ነጎድጓዱ እዚህ ጋ ይጀምራል። ጃንጥላው በንዴት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዘነበ ጥፋቱ የእሱ ነው። ካልዘነበም «ታዲያ ምን ያስፈራራኛል?» መምጣቷ አይቀርም።

ነገሩ ግን ያን ያህል የሚያጣላ አልነበረም። የዛሬን የመሰለ አየር ያለባቸውን አሥር ቀኖች ሰብስቡ። በሦስቱ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ላይ ዝናብ ይጥላል፣ በሰባቱ ያልፋችኋል። አለቀ። ከቀኑ 30 በመቶው ይዘንባል ማለት አይደለም። ከከተማው 30 በመቶው ይርሳል ማለትም አይደለም። ዝናቡ ቀጠን ያለ ነው ማለት ደግሞ ጭራሽ አይደለም። 30 በመቶ ተብሎ ዶፍ ሊወርድ ይችላል፤ 90 በመቶ ተብሎ ፀጉር የማታረጥብ ካፊያ ልትሆን ትችላለች። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መምጣቱ ነው፣ ስለ ጉልበቱ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ባለሙያው ውሸታም የሚባለው መቼ ነው? 30 በመቶ ባለባቸው ቀናት ሁሉ ጠብ ሳይል ሲቀር ነው። ከአሥሩ በሦስቱ ቀን በስብሳችሁ ቤት ከገባችሁ ሰውየው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ይህን ግን ጫማውን በር ላይ እየገለበጠ ውኃ ለሚያፈስ ሰው ማስረዳት አይሞከርም።

አንዳንድ የግል ትንበያ አቅራቢዎች ይህን ጠባያችንን ከነቁበት ቆይተዋል። ትንሿን የዝናብ ዕድል ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ለምን ቢባል፣ ጃንጥላ በከንቱ ተሸክሞ የዋለ ሰው ማታ ይረሳዋል፤ ጃንጥላ ሳይዝ የበሰበሰ ሰው ግን አይረሳም። እኔ ብሆንም እንደዚሁ አደርግ ነበር።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የስልኳን ምልክት ነው። አይታችኋታል አይደል? ፀሐይ ከደመና ኋላ ግማሽ ፊቷን አውጥታ፣ ከሥር ደግሞ ሁለት ጠብታ። ይህን የሣለ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ቢገባ ማንም አይጥለውም ነበር። ፀሐይ ብትወጣ ብሏል። ቢደምን ብሏል። ቢያካፋም ብሏል። ይህችን ምልክት በምን ይከሷታል?

እኛም አጠቃቀሙን አሳምረነዋል። መስኮቱ ከራስጌው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለ ሰው፣ ዝናብ እየጣለ እንደሆነ ለማወቅ ስልኩን ያበራል። ጣራው ላይ ይንጣጣል፣ ስልኩ «ከፊል ደመናማ» ይላል። ሰውዬው ጣራውን ይጠረጥራል።

ደግሞ የአሥራ አራት ቀን ትንበያ የሚባል አለ። ሠርግ የደገሰ ሁሉ የሚሳለመው እሱን ነው። ሙሽራዋ በየማለዳው ትከፍተዋለች። ሰኞ ዕለት ለሠርጉ ቀን ፀሐይ ያሳያታል፣ ቤቱ በእልልታ ይቀልጣል። ማክሰኞ ደመና ይሆናል፣ እናት ድንኳን የሚያከራየው ሰው ጋ ይደውላሉ። ረቡዕ ነጎድጓድ ይሆንና አጎት «እኔ ድሮም ይሄን ቀን አልወደድኩትም ነበር» ይላሉ። ሐሙስ ፀሐይዋ ትመለሳለች። ሰማዩ በዚህ ሁሉ መሀል ገና ስለዚያ ቀን ያሰበው ነገር የለም።

የምር፣ አላሰበም። የአምስት ቀን ትንበያ ዛሬ ከአሥሩ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይይዛል። ሰባት ቀን ላይ ወደ ስምንት ይወርዳል። አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ሲሆን ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ሁለት ሳምንት ላይ ያለችው ምልክት በአብዛኛው «በዚህ ወቅት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው» ማለት ናት። እሱን እኮ አያታችንም ይነግሩን ነበር፣ ያለ ኢንተርኔት።

ጣጣውን ያጋለጠው ኤድዋርድ ሎሬንዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኮምፒውተሩ ላይ የአየር ስሌት እየሠራ አንዱን ውጤት ደግሞ ማየት ፈለገ። ከመሀል ለመጀመር ብሎ ከታተመው ወረቀት ላይ 0.506 ብሎ አስገባ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ግን 0.506127 ነው። ጭራዋን ማን ያያታል ብሎ ነው። ኮምፒውተሩን ትቶት ወጣ ብሎ ሲመለስ ሁለተኛው አየር ከመጀመሪያው ጋር ዝምድናቸው ተቋርጦ አገኘው። መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ነበር። ያቺ የተቆረጠች ጭራ ናት ሁሉን ያተራመሰችው። በሰማዩ ላይ ደግሞ የማናውቃት እንዲህ ያለች ጭራ ስፍር ቁጥር የላትም። በ1972 ደግሞ ብራዚል ውስጥ ክንፏን ያራገበች ቢራቢሮ ቴክሳስ ላይ አውሎ ነፋስ ታስነሣ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራው የተበላሸበት ሁሉ ቢራቢሮ ላይ ማላከክ ጀምሯል።

የድሮዎቹማ የባሰ መከራ ነው ያዩት። ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ አምቡላንስ እየነዳ፣ ባረፈባት ሰዓት ሁሉ የአየር ሂሳብ ይሠራ ነበር። በእጁ፣ በወረቀትና በእርሳስ። የስድስት ሰዓት ትንበያ ለማውጣት ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። የተነበየው ቀን ደግሞ ድሮ ያለፈ ቀን ነው፤ 1910። ይኸም ሆኖ ተሳሳተ! ጸጥ ብሎ በዋለ ሰማይ ላይ፣ አየሩ ሊፈነዳ የደረሰ የሚያስመስል የግፊት ለውጥ አወጣ። የወደድኩለት ነገር ግን አልደበቀውም። በ1922 መጽሐፉን ሲያሳትም ስህተቱን ከነቁጥሩ አስገባው። ካልሲ ፈላጊው ወዳጃችን ይህን ቢሰማ አብዷል ነው የሚለው።

በ1950 አሜሪካኖች ኢኒያክ በሚባለው ግዙፍ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን የማሽን ትንበያ ሠሩ። የሃያ አራት ሰዓት ትንበያ ለማውጣት ሃያ አራት ሰዓት ያህል ወሰደ። የነገው አየር ትንበያው ሲያልቅ እኩል ደረሰ ማለት ነው። ቢሆንም ሰዎቹ ደስታቸውን አልቻሉትም። ከዚያ ወዲህ ሳተላይቱም መጣ፣ አየር የሚለካው ፊኛም በቀን ሁለቴ በዓለም ዙሪያ ይለቀቃል፣ ትንበያውም በየአሥር ዓመቱ የአንድ ቀን ያህል አርቆ እያየ ነው። ዛሬ የስድስት ቀኑ የድሮውን የአምስት ቀን ያህል ይታመናል። እኛ ግን የምናስታውሰው ያቺን የበሰበስንባትን ማክሰኞ ነው።

ወቀሳው ራሱ ከሙያው እኩል ነው ዕድሜው። በ1861 ለሕዝብ የአየር ትንበያ በጋዜጣ ማውጣት የጀመረው የብሪታንያው የባሕር መኮንን ሮበርት ፊዝሮይ ነው፤ ዳርዊንን ይዞ ዓለምን በዞረችው መርከብ ላይ ካፒቴን የነበረው። በሳተ ቁጥር ይዘባበቱበት ነበር። በ1865 ከሞተ በኋላ ሊቃውንት ተሰብስበው «ይሄ ነገር ሳይንስ አይደለም» ብለው ትንበያውንም የማዕበል ማስጠንቀቂያውንም አስቆሙት። ማን ጮኸ? ባሕር ላይ የሚውሉት። ማስጠንቀቂያው በዓመቱ ተመለሰ። ማዕበል የሚበላው ሰው ስለ መቶኛ አይከራከርም መሰለኝ።

በዚህ መሀል ማንም የማይወቅሰው አንድ ትንበያ አለ። ጉልበት። በየሰፈሩ ጉልበታቸው የሚነግራቸው አንድ ጋሼ አሉ። «ዛሬስ ማታ ሳይጥል አያድርም፣ ይኸው ይጠዘጥዘኛል» ይላሉ። ከጣለ «አላልኳችሁም?» ካልጣለ ዝም። በማግሥቱ ስለ ጉልበታቸው የሚያነሣ የለም። እኔ በበኩሌ ጋሼን አልንቃቸውም። በ2019 ብሪታንያ ውስጥ የታተመ፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሕመምተኞች በስልክ የተሳተፉበት ጥናት እርጥበት ሲበዛ፣ የአየር ግፊት ሲቀንስና ነፋስ ሲበረታ ሕመሙ ጠንከር እንደሚል አሳይቷል። ግን ግንኙነቱ ትንሽ ነው። ጋሼ ጋ ቢደርስ የሚሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ሙቀቱም ሌላ ጭቅጭቅ ነው። «26 ዲግሪ ነው ይላሉ! እዚህ አስፋልት ላይ ይቁሙና ይዩታ!» ማንም አስፋልት ላይ ለካሁ አላለም። ቴርሞሜትሩ ከመሬት ከአንድ ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ነጭ ቀለም በተቀባች፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ሣጥን ውስጥ፣ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። የአየሩን ሙቀት ነው የሚለካው፣ የእናንተን ራስ አይደለም። ፀሐይ ላይ ያቆማችኋት መኪና 38 ብትል ስለ ራሷ ነው የምታወራው።

ዋናው ፍርድ ቤት ግን የልብስ ማስጫው ገመድ ነው። አንሶላው ገና እየተንጠባጠበ ከወዲያ ማዶ ያንጎዳጉዳል። አንዷ ጠብታ አጥር ላይ ጠብ ትላለች። ሰከንድ አይሞላም፣ ከጎረቤት «እትዬ! ልብስዎን ያንሡ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ሰፈሩ ቀወጥ ይላል። መቆንጠጫ ይበተናል፣ ያልደረቀው ከደረቀው ጋር ተጠቅልሎ ይገባል፣ አንድ ሰው በነጠላ ጫማ ይንሸራተታል። ሁሉም ተሰብስቦ ሲያልቅ ፀሐይዋ ትወጣለች። ዝናቡ የት ሄደ? ሦስት መንገድ አልፎ ወረደ። የነጎድጓድ ደመና ወርዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምርጥ የሚባሉት የዓለም የትንበያ ኮምፒውተሮች ደግሞ መሬትን የሚያዩት ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ካሬ ከፋፍለው ነው። ጥልፍ በጓንት እንደመጥለፍ ነው። ለዚህ ነው ከአንድ ከተማ ሁለት ሰዎች ተደዋውለው የሚወሻሸቱት። «እኛ ጋ ዶፍ ነው!» «ኧረ ባክህ፣ እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ላለመምጣት ነው አይደል?»

እውነት ለመናገር እኔን የሚያስፈራኝ ትንበያው መሳሳቱ አይደለም፤ መያዙ ነው። አሁን ራዳሩ ደመናዋን እየተከተለ በየደቂቃው የሚናገርበት አገር ሞልቷል። ይህ ነገር በደንብ ከተስፋፋ «ዝናብ ይዞኝ ነው» የምትለዋ ምክንያት ምን ሊውጣት ነው? ስንት ቀጠሮ፣ ስንት ስብሰባ፣ ስንት የአማች ጥየቃ አድናናለች። ከእንግዲህ አርፍዶ የገባ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ኮቱን ሲያራግፍ አለቃው ቀና ይልና ስልኩን ያሳየዋል።

«ዝናቡ እኮ ነው ጌታዬ...»

«ዝናቡማ አንተ ሰፈር 2፡10 ላይ ጀምሮ 2፡25 ላይ አባርቷል። አሁን 4 ሰዓት ነው።»

«ዛፍ ሥር ተጠልዬ ነበር።»

«እሱን ነው የምልህ። ዛፉ አሁንም እያንጠባጠበ ነው?»