አዋጅ ያሳደገን ልጆች

አዲስ አበቤ የዘር ሐረጉን ቁጠር ሲባል ሦስተኛው አያት ላይ ይንተባተባል። የቤቱን ታሪክ ንገረኝ ካላችሁት ግን ማቆሚያ የለውም። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተከራየው፣ መቼ እንደተወረሰ፣ ሽንት ቤቱ የስንት አባወራ እንደሆነ፣ የጓዳዋ ቅጥያ በየትኛው የቀበሌ ሊቀመንበር ዘመን በሌሊት እንደተሠራች አንድ በአንድ ያወርድላችኋል። አልፈርድበትም። ለብዙዎቻችን ጎረቤቱን፣ የልብ ጓደኛውን፣ አንዳንዴም አማቱን የመረጠልን ቤቱ ነው። ቤቱን ደግሞ የመረጠልን አዋጅ ነው።

አዋጁ ቁጥር አለው፤ 47/1967። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይበቃል ተባለ። ሌላው ተወረሰ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጣው ለመንግሥቱ የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጠ።

ወረቀቱ ላይ ነገሩ ይኸው ነው። ግቢው ውስጥ ግን ሌላ ቲያትር ተጀመረ። የትናንቷ አከራይና የትናንቱ ተከራይ በአንድ ሌሊት እኩያ ጎረቤት ሆኑ። እትዬ ዋናው ቤት ውስጥ ቀሩ፤ ሰርቪሶቹ የቀበሌ ሆኑ። ተከራዮቹ የትም አልሄዱም። ኪራዩን ብቻ ሌላ ቦታ መክፈል ጀመሩ፤ ያውም ተቀንሶላቸው። እትዬ ግን "ተከራዮቼ" ማለታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉም። ተከራዮቹም እትዬ ሲያልፉ ብድግ ማለታቸውን አልተዉም። ቀን ቀበሌ ስብሰባ ላይ "አድኃሪ ይውደም!" ብሎ እጁን ያወጣ ሰውዬ፣ ማታ እትዬ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ "እንደምን አመሹ?" ይላል። አብዮቱ ቤት ወረሰ፤ ብድግ ማለትን የሚወርስ አንቀጽ ግን አልነበረውም።

ልጆቹ ደግሞ ሁሉንም አምታቱት። የአከራይ ልጅና የተከራይ ልጅ አንድ ቧንቧ ላይ ተሰለፉ፣ በአንድ የጨርቅ ኳስ ተፈነካከቱ፣ ሲያድጉም ተጋቡ። በእትዬ ስሌት ይህ ጋብቻ አይደለም። ሰርቪሱ በልጅ በኩል ተመለሰ ማለት ነው።

ግድግዳውም የራሱን መዝገብ ይይዝ ነበር። የጭቃ ቤት ግድግዳ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ሲጠቁርና ሲቀደድ በላዩ ላይ ሌላ ይደረባል። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ስለሚታተም የጋዜጣ ችግር የለም። አልጋ ሥር የተደበቀ ልጅ ጠርዙን በጥፍሩ ፈልቀቅ ካደረገ፣ ከሰፊው ሕዝብ በታች ግርማዊነታቸው የመሠረት ድንጋይ ሲያስቀምጡ ያገኛቸዋል። እኛ ታሪክ የተማርነው እንዲህ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ስንያዝ ደግሞ በቁንጥጫ። ታዲያ የታችኛው ጋዜጣ ብዙ ጊዜ የተዘቀዘቀ ነው። የለጠፉት እናቶች ፊደል አያውቁም ነበር። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ምን ያህል ውጤት አመጣ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ የተለጠፈው ጋዜጣ ቀጥ ብሏል።

ከጋዜጣው በላይ ፍሬሙ አለ። መጀመሪያ የንጉሡ ፎቶ ነበረበት። እሱ ወጣና የሊቀመንበሩ ገባ። በ1983 የሊቀመንበሩም ወጣ። አባቶች ከዚህ ሁለት ትምህርት ቀሰሙ። አንደኛው፣ ፎቶ ይጣላል እንጂ ፍሬም አይጣልም። ሁለተኛው፣ በፍሬሙ ውስጥ የልጅን የምረቃ ፎቶ ማስገባት ነው። ጋውን ለብሶ ጥቅል ወረቀት የያዘ ልጅ በየትኛውም መንግሥት አያስጠይቅም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ኪሳችን ገባ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ "ብሔር" የምትል መስመር ተሰመረች። አባቱ ከጉራጌ፣ እናቱ ከሰላሌ መጥተው እሪ በከንቱ የተገናኙለት ልጅ መስኮቱ ላይ ደርሶ ይቆም ነበር።

"ብሔር?"

"የቱን ልበልሽ?"

"የአባትህን።"

እናት ይህን ከሰማች ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሌላ ጉባኤ ነበር። ልጁ "ሰፈሬን ጻፊልኝ" ቢል ደስ ባለው፤ ቅጹ ላይ ግን ለሰፈር የተተወ ቦታ አልነበረም። ወደ ውስጥ ጠልቀን እንግባ ካልን ነገሩ ስለሚረዝም ልለፈው። ሰው በዚያች ጠባብ መስመር ሲከራከር ያመሸውን ያህል ስለምንም አልተከራከረም።

በ1997 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ መጣ። እዚህ ላይ ቤት ቤተሰብን እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያፈርስም አየን። ባልና ሚስት መመዝገብ የሚችሉት አንድ ቤት ነበር። ስለዚህ ዓመታት አብረው የኖሩ፣ ክፉ ቃል ተነጋግረው የማያውቁ ጥንዶች ሄደው ተፋቱ። በወረቀት ብቻ ነው፤ ከፍርድ ቤት ሲወጡ ምሳ አብረው በሉ። ዕጣው ለሚስት የወጣ ጊዜ ግን "የወረቀት ነው" ያለችው ሚስት ወረቀቱን ደግማ ደጋግማ ማንበብ የጀመረችባቸው ቤቶች ነበሩ ይባላል። ባልየው የሚሉት ነገር እንደሌላቸው እናውቃለን። ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ዕጣ የወጣለት ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተጫነ። ሰው አራተኛ ፎቅ ወጣ፤ ግቢውን ግን ታች ጥሎ አልወጣም። ሙቀጫው አብሮ ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት በርበሬ መቼ እንደተደለዘ በጣራው ያውቃል። የውኃ በርሜሉ ኮሪደር ላይ ተገተረ። ለፋሲካ በግ በደረጃ ሲወጣ ያያችሁ እንደሆነ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ያስባል። በጉም ሰውየውም። ከታች ለእርድና ለድግስ የተሠራ የጋራ ቤት መኖሩ የታወቀ ነው። ሰው ግን በጉን ቢያንስ አንድ ሌሊት ካላሳደረው በዓል የመጣ አይመስለውም።

ኮንዶሚኒየምን የምረግም እንዳይመስላችሁ። "የድሮ ማኅበራዊ ኑሮ እኮ ቀረ" የሚሉ ጽሑፎችን ሳነብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሥዕል አለ። ጸሐፊው ይህን ናፍቆቱን ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈው በግል ሽንት ቤቱ ተቀምጦ ነው። በዝናብ ጃንጥላ ይዞ፣ ቁልፍ የወሰደውን ጎረቤት በር እያንኳኳ የኖረ ሰው ናፍቆቱ ለከት አለው።

ናፍቆት በጣም የሚያስቸግረው አቅጣጫ ሲጠየቅ ነው። በ2016 የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 የካዛንቺስ ተራ ሆነ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በረከተ፣ የብስክሌት መስመር ተሠራ። የአዲስ አበባ ሰው ግን አድራሻ የሚነግራችሁ በፈረሰ ነገር ነው። "የድሮው ዳቦ ቤት የነበረበትን አለፍ ትልና፣ ሙዚቃ ቤቱ በነበረበት ትታጠፋለህ፤ ከዚያ ዛፏ የነበረችበት።" እንግዳው አበባና ፋኖስ መካከል ቆሞ ዛፏን ይፈልጋል። ጠቋሚው ተናደደበት፤ እንዴት አይታየውም?

ዕድሩ ነው እንግዲህ ሁሉንም የረታው። ሰፈሩ ፈርሶ አባላቱ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳና በአያት ቢበተኑም፣ የወር ስብሰባ ላይ ከሦስት አውቶቡስ ወርደው ይመጣሉ። የዘገየ ይቀጣል። አንድ ጋሼ "ከአራብሳ ነው የመጣሁት" ብለው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ዳኛው ደንቡን ገልጠው፣ አባል ማለት የጡሩምባ ድምፅ በሚሰማበት ክልል የሚኖር ነው የሚለውን አንቀጽ አነበቡ። ዝም ተባለ። በዚያ አንቀጽ መሠረት ቤቱ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል አባል የሆነ አንድም ሰው የለም፤ ዳኛውም ጭምር።

ከብዙ ክርክር በኋላ ቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት ተባለ። ጡሩምባ ነፊው አኮረፉ። "እኔስ ምን ልሠራ ነው?" አሉ። እናም በእጅ ብልጫ አድሚን ሆኑ። አሁን ሞት ሲኖር ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት ይገባል። መጀመሪያ ጡሩምባው ሦስቴ ይነፋል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና የሟችን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ለቅሶ ቤቱ ያለበትን ብሎክ ይናገራሉ። ኖቲፊኬሽን ያጠፋ አባል ሃያ ብር ይቀጣል።