በጀርመንኛ ተዘግቶ የቀረ የደቡባችን ታሪክ

ስለ ኮንሶ፣ ስለ ጌዴኦና ስለ ቦረና ብዙ የጻፈ አንድ ጀርመናዊ የኢትኖሎጂ (የሕዝቦች ባህል ጥናት) ምሁር ነበር፤ አዶልፍ የንሰን ይባላል። እኛ ግን አናውቀውም። መጻሕፍቱ በጀርመንኛ ነዋ!

የንሰን በ1899 ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፍራንክፈርት ላይ የባህል ጥናት ተቋም ይመራ የነበረው የሊዮ ፍሮቤኒየስ ደቀ መዝሙር ሆነ። በ1934 እና 35፣ ጣሊያን ሊወረን ጥቂት ሲቀረው፣ የጥናት ቡድን መርቶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጣ። በ1936 ስለ ገዳ አገር መጽሐፍ አሳተመ። በዓለም ስሙን ያስጠራው ግን በኢንዶኔዥያዋ የሴራም ደሴት የሰበሰበው አፈ ታሪክ ነው። ፍሮቤኒየስ በ1938 ሲሞት ቦታውን ለመተካት የተገባው እሱ ነበር። ሚስቱ ከአይሁድ ዘር ስለነበረች ናዚዎች ከለከሉት። ተቋሙን የመራው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ደቡብን ደግሞ አየው፤ በ1965 አረፈ።

አንድ ነገር አልስማማለትም። ዓይኑ ያረፈው በጥንታዊው እምነት ላይ ነበር። እነዚያው ሰዎች በዚያው ዘመን የገባር ሸክም ተጭኗቸው ነበር። ይህ የሚገባውን ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ።

ቢሆንም ሥራው ያስፈልገናል። የኮንሶን ዋካ እንውሰድ። ጠላት ወይም አውሬ የገደለ ጀግና ሲሞት ምስሉ ከእንጨት ይቀረጻል። ሚስቶቹ ከጎኑ ይቆማሉ፤ የገደላቸውም አብረው ይቀረጻሉ። ሌቦች ብዙዎቹን ነቅለው ሸጠዋል። የተገኙትን ለማኖር በ2009 ኮንሶ ላይ ሙዚየም ተከፈተ። ታዲያ የትኛው ዋካ ከየትኛው መንደር ተነቀለ? ለዚህ የድሮ ፎቶና ማስታወሻ ከምንም በላይ ይረዳል። የንሰንና ጓደኞቹ ያነሷቸው ፎቶዎች ደግሞ ዛሬም ፍራንክፈርት በሚገኘው በፍሮቤኒየስ ኢንስቲትዩት አሉ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ሥራ ሊይዙት ይገባል። ዲላ አለ፣ አርባ ምንጭ አለ፣ ቡሌ ሆራ አለ። ከ1936ቱ መጽሐፍ ይጀምሩ። ወደ አማርኛ ብቻ ሳይሆን ወደ ኮንሶኛ፣ ጌዴኦኛና ኦሮምኛም ይተርጉሙት። ከመታተሙ በፊት ግን ለአገሩ ሽማግሌዎች ይነበብላቸው። የንሰን የሳተው ካለ፣ እርማታቸው ከነስማቸው እዚያው ገጽ ላይ ይግባ።