ወተቱን መሣሪያ ላይ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም

ወተት ውስጥ ያለ ጨረር እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ወተት ውስጥ ያለውን ጨረር አመንጪ ሁሉ ወተቱን የጨረር መለኪያ መሣሪያ ላይ አስቀምጦ ማወቅ ይቻላል ይላል። ለሲዚየም 137 እውነት ነው፤ ጋማ የሚባለው ዘልቆ የሚወጣ ጨረር ስላለው ወተቱን እንዳለ ትለካዋለህ። ስትሮንቲየም 90 ግን ቤታ የሚባለውን ሩቅ የማይሄድ ጨረር ብቻ ነው የሚለቀው፣ ቤታው ደግሞ አብዛኛው እዚያው ወተቱ ውስጥ ይቀራል፣ ቢወጣም የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ ወተቱ ይደርቃል፣ ነጭ አመድ እስኪሆን ይቃጠላል፣ አመዱ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው። ስትሮንቲየምና ካልሲየም በጠባይ ወንድማማች ናቸው፣ ወተት ደግሞ ካልሲየም በካልሲየም ነው! ድሮ የሚለዩት በሚጨስ ናይትሪክ አሲድ ነበር፤ ስትሮንቲየሙ ታች ይዘቅጣል፣ አብዛኛው ካልሲየም ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። አሁን ስትሮንቲየምን መርጦ የሚይዝ ሬዚን የሚባል ጥቃቅን ፍሬ አለ፣ ተመስገን ነው፣ ያ አሲድ ጓንት ላይ ጠብ ሲል ያየ ያውቀዋል።

ሌላም የተዘለለ አለ። ገና ሲጀመር ጨረር የሌለው ስትሮንቲየም ተመዝኖ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ የተረፈውን ስትመዝን በመንገድ ስንቱ እንደባከነ ታውቃለህ፤ ያለዚያ ቁጥርህ ግምት ነው።

ከዚያ 2 ሳምንት ገደማ መጠበቅ ነው። ከስትሮንቲየሙ የሚወለደው ኢትሪየም 90 ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 64 ሰዓት ስለሆነ፣ እናቱን እስኪደርስባት፣ ማለትም የሁለቱ ጨረር እኩል እስኪሆን፣ ያን ያህል ይፈጃል። ያኔ ኢትሪየሙን ለይተህ ትቆጥራለህ። «ውጤቱ ለነገ ይደርሳል?» የሚል ሰው ሲመጣ ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ይገባኛል።