ማስተካከያ፦ አፕልስክሪፕት ከማክ አልወጣም

ባለፈው ሳምንት «ሾርትከትስ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ማክ ሲመጣ አፕልስክሪፕት ከሲስተሙ ወጣ» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ አልወጣም። አፕልስክሪፕት የማክ ፕሮግራሞችን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያሠራ የአፕል ቋንቋ ነው፤ ሾርትከትስ ደግሞ ሥራዎችን በራስ-ሰር የሚያስኬድ የአፕል ፕሮግራም ነው። የአፕልን የስሪት መግለጫዎችና የሾርትከትስን የተጠቃሚ መመሪያ መልሼ አይቻለሁ። በማክኦኤስ (የማክ ሲስተም) 12.3 የተወገደው ፓይተን 2.7 የተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለው ሽማግሌው አፕልስክሪፕት ግን ዛሬም ከነመጻፊያ ፕሮግራሙ ስክሪፕት ኤዲተር ከሲስተሙ ጋር ይመጣል። እንዲያውም ሾርትከትስ ራሱ አፕልስክሪፕት የሚያስኬድ ትእዛዝ አለው።

ጽሑፌን አምናችሁ የቆዩ ስክሪፕቶቻችሁን ለመጣል ወይም እንደ አዲስ ለመጻፍ የተነሳችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ አያስፈልግም። ድሮ ይሠራ የነበረ ስክሪፕት ድንገት መሥራት ካቆመ መጀመሪያ ፈቃዱን እዩ። ከማክኦኤስ ሞሃቬ (እ.ኤ.አ. 2018) ወዲህ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ከማዘዙ በፊት የእናንተን ይሁንታ ይጠይቃል። አንዴ ከከለከላችሁት ሲስተም ሴቲንግስ ገብታችሁ፣ ፕራይቨሲ ውስጥ አውቶሜሽን ከሚለው ስር መልሳችሁ መፍቀድ አለባችሁ።

«ዕድሜው እየገፋ ነው» ያልኩትን ግን አላነሳም። ብዙ አዳዲስ ፕሮግራሞች አፕልስክሪፕት የሚያዛቸውን ትእዛዞች የያዘው መዝገብ ሳይኖራቸው ይወጣሉ፤ ቋንቋው ቢኖርም የሚታዘዝለት ያጣል። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ።