ለጺም ደረሰኝ

"እናንተ ካሌንደራችሁን እስከ ዛሬ ያልቀየራችሁት ምን ሆናችሁ ነው?" አለችኝ አንዲት ሩሲያዊት የሥራ ባልደረባዬ፣ እየሳቀች። እዚሁ ሴንት ፒተርስበርግ። ያሳቃት ፓስፖርቴ ነው። የተወለድኩት በእኛ በ1980 ታኅሣሥ ነው። ሰነዴን የተረጎመው ሰው ወደ ፈረንጅ ሳይመልስ ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠውና በአንድ ቀን ሰባት ዓመት አስረጀኝ። ላስተካክል ብዬ መሮጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው።

ሳቋ ከነከነኝ። እነሱስ መቼ ነው እንዲህ የሠለጠኑት? በፈረንጅ እስከ 1699 ድረስ ዘመን የሚቆጥሩት ዓለም ከተፈጠረ ብለው ነው፤ ልክ እንደ እኛ ዓመተ ዓለም። አዲስ ዓመታቸውም ከእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ገደማ ዘግይቶ ነበር የሚውለው። 7208 ላይ እያሉ ንጉሣቸው ታላቁ ጴጥሮስ ከእንግዲህ ዓመቱ የሚብተው ጃንዋሪ 1 ነው፣ ቁጥሩም 1700 ነው ብሎ አወጀ። ደጃችሁን በጥድ ቅጠል አስጊጡ፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባባሉ ብሎም አዘዘ። ደስታ በአዋጅ!

ንጉሣቸውን "ዛር" ነው የሚሉት። የእኛ ዛር እንኳ ቡና ተፈልቶለት፣ ጨሌ ታስሮለት፣ ሲለማመጡት ይመለሳል። ይኼኛው መቀስ ይዞ ነው የመጣው። በ1697 ስሙን ደብቆ አውሮፓ ወረደ፤ ሆላንድ ውስጥ ከመርከብ ሠሪዎች ጋር ሠራ። በ1698 ሲመለስ ሊቀበሉት የመጡትን መኳንንት ጺም በገዛ እጁ ቆረጠው። ውጭ ቆይቶ የገባ ሰው ጠባይ ታውቁት የለ? እኛ ለሁለት ሳምንት ገብተን ስለ ሰልፉና ስለ ትራፊኩ ስናማርር ዘመድ ይሰለቸናል። እሱ ግን ሥልጣን ነበረው።

ጺሜን አልላጭም ያለ ደግሞ በ1705 ግብር ተጣለበት። ሀብታም ነጋዴ በዓመት 100 ሩብል ይከፍላል። ገበሬ መንደሩ ውስጥ እስካለ ማንም አይነካውም፤ ከተማ ሲገባና ሲወጣ ግን በሩ ላይ ሳንቲም ይጠየቃል። ቄሶች ነጻ ናቸው። ለከፈለ ሰው ትንሽ የመዳብ ምልክት ይሰጠዋል፤ አፍንጫ፣ አፍ፣ ሪዝና ጺም ተቀርጾበት "ገንዘቡ ተወስዷል" ይላል። ደረሰኝ እኮ ነው! ለጺም! እኛ አገር ፍሪጅ ገዝተህ ደረሰኝ ስትጠይቅ "ያለ ደረሰኝ ይሻልሃል" ነው የምትባለው።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየውን እዚህ ሁሉም ዘመናዊ ያደረገን ይለዋል። እውነት ነው፣ በ1722 ባወጣው የ14 ደረጃ የሹመት ሠንጠረዥ ከተራ ቤት የወጣ ሰውም በሥራው ከፍ እንዲል በር ከፍቷል። ገበሬውስ? ገባሩ ገባር ሆኖ ቀረ። በላዩ ላይ የነፍስ ወከፍ ግብር መጣበት፤ በወንድ ራስ 74 ኮፔክ (የሩብል ሳንቲም)፣ የሚጠባ ሕፃንም ይቆጠራል። እሱ ያሠራት ይህች የምንኮራባት ከተማ ረግረግ ላይ የቆመችው ተገደው በመጡ ሠራተኞች ጉልበት ነው፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ጌታው ተላጨ፣ ገበሬው ከፈለ።

ደግሞ ያ ሁሉ አዋጅ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬም በአሮጌው ካሌንደር ስለሚሄድ ገናን የሚያከብረው ከእኛ ጋር ጃንዋሪ 7 ነው። መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ለገና ፈቃድ ሳልለምን የምውልበት አገር በማግኘቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኛል። ያቺ የሳቀችብኝ ልጅም ጃንዋሪ 13 ማታ ቤቷ ጠራችኝ። ምን በዓል ነው ብላት "አሮጌው አዲስ ዓመት" አለችኝ፤ በድሮው ካሌንደራቸው የሚብተው ማለት ነው። ሳልስቅ ቀረሁ? ሳቅኩ እንጂ!

የእኔ ጉዳይ እዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ አገር ቤት ስለ ልደት ሰርተፍኬቴ ለአምስተኛ ጊዜ ሄዶ ነበር። ሲስተም የለም ተብሏል። ጴጥሮስ የአንድ አገር ዘመን የቀየረው በአንድ ሌሊት ነው። እኔ አንዲት ቀን ለመቀየር ለማመልከቻ፣ ለትርጉም፣ ለማኅተም፣ ለፖስታ ስከፍል ኖሬያለሁ፤ ያውም ግማሹን ያለ ደረሰኝ።